በዳሌ ውስጥ ያለው የደም ሥር ከታከመ በኋላ ስለሚታየው የወር አበባ መለዋወጥ

ባለፈው መስከረም 8 ቀን ማታ፥ መብራት ልናጠፋ ስንነሣ ስልክ ጠራ። የደወለው በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት የሚኖረው የእኅታችን ልጅ ባል ነበር። የቤተ ሰቡን ደኅንነት እንኳ ጠይቆ ሳይጨርስ፥ «ጋሼ፥ ይህ ነገር ሽማግሌ ሳያስፈልገው አይቀርም» አለን። ከበስተኋላው የእናቱ ድምፅ ይሰማል፤ የሚስቱ ድምፅ ግን አይሰማም። ከነገረን ነገር ይልቅ የእርስዋ ዝምታ አስደነገጠን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅታችን ልጅ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ከእምብርቷ በታች በግራ በኩል የሚከብድና የሚጐትት ሕመም ነበረባት። ጋደም ስትል ይተዋታል፤ ቆማ ስትውል ግን ወደ ማታ ይጸናባታል፤ የወር አበባዋ ሲቃረብ ደግሞ ይብስባታል። ዘመድ አሜባ ነው አላት፤ ጓደኛ ጨጓራ ነው አላት፤ አንድ ሐኪምም ብስጭት ነው ብሎ የእንቅልፍ መድኀኒት ሰጥቶ አሰናበታት። በመጨረሻ ሕመሙ በዳሌዋ ውስጥ ካሉት የደም ሥሮች ማበጥ የመጣ መሆኑ ታወቀና፥ ሐምሌ 22 ቀን ሥሮቹን በቀጭን ሽቦ ደፈኑላት። ሕመሙም ቀለለላት።

ነገር ግን በዘጠነኛው ቀን፥ ነሐሴ 1 ቀን፥ የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት ደም መጣባት። ዐሥር ቀንም ያህል ቈየ። አማቷ ልጆቹን ሊጠብቁላት ከአዲስ አበባ ሄደው እዚያው ነበሩና፥ በሱባዔው ሰሞን አብራቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን አለመሄድዋን አይተው ምክንያቱን ዐወቁ። ከዚያም ደሙ ቆመ፤ ወሩ ሞልቶ ዐልፎ ቢጠበቅም አልተመለሰም። እሳቸውም «ማሕፀኗን በሽቦ ደፍነውባታል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ልጅ አይታሰብም» ብለው ፈረዱ። ልጃቸው ሦስተኛ ልጅ የሚመኝ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ባልና ሚስት በአንድ ገበታ መቅረብ ቀረ።

እኛ ሐኪም አይደለንም፤ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነን። ስለዚህ እንደ ሙያችን አስቀድመን ቀኑን ጠየቅን፤ ቀጥሎ ወረቀቱን ጠየቅን፤ ያልገባንንም ከሚያውቁ ሐኪሞች ተማርን። ያገኘነውን ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው የእኅታችን ልጅ ስለ ፈቀደችልን ነው።

ይህን የመሰለውን ነገር በጋዜጣ ማንሣት ነውር ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን ሚሲዮን የገባን ሰዎች ነንና፥ በሁለቱም ቤት ይህ ነገር ሲነሣ ሰው እንዴት ወደ መሬት እንደሚመለከት እናውቃለን። ነገር ግን መጻሕፍት ልማደ አንስት ብለው በስሙ ሲጠሩት እኛ ከመጻሕፍቱ የበለጠ ጨዋ ለመሆን መሞከራችን፥ አንዲቱን ሴት ያላጠፋችውን ጥፋት አሸክሞ ከቤቷ ሊያስወጣት ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በሰው ገላ ውስጥ ሁለት ዐይነት የደም ሥር አለ። ደም ቅዳ የሚባለው ከልብ ወጥቶ ለአካል ሁሉ ደም ያደርሳል፤ ደም መልስ የሚባለው ደግሞ የደረሰውን ደም ሰብስቦ ወደ ልብ ይመልሳል። የሚመልሰው ሥር ሥራው ዳገት የመውጣት ያህል ነው፤ ሰው ቆሞ ሲውል ደሙ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበትና። ስለዚህም በውስጡ ወደ ላይ የሚከፈቱ ወደ ታች የሚዘጉ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉት። እነዚህ መዝጊያዎች ሲላሉ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፥ ሥሩም ያብጣል፥ ይጠማዘዛል። በእግር ላይ ሲሆን ሁላችንም እናየዋለን። በዳሌ ውስጥ ሲሆን ግን ማንም አያየውም።

እንቁላል ከሚያፈራው ዕጢ፥ ሐኪሞች ኦቫሪ ከሚሉት፥ የሚነሣው ደም መልስ በቀኝና በግራ መንገዱ አንድ አይደለም። የቀኙ በቀጥታ ወደ ታላቁ ደም መልስ ይገባል፤ የግራው ግን ረዥም መንገድ ወጥቶ ከግራ ኩላሊት በሚመጣው ሥር ላይ ይገናኛል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል የሚሰማው ስለዚህ ነው። አንዲት ሴት በምታረግዝበት ጊዜ እነዚህ ሥሮች ማሕፀኑን ለማገልገል ብዙ እጥፍ ይሰፋሉ፤ ከወለደች በኋላም አንዳንዶቹ ወደ ቀድሞ መጠናቸው አይመለሱም። ስለዚህ ሕመሙ ይልቁንም ደጋግመው በወለዱ፥ ገና ባላረጡ ሴቶች ላይ ይታያል። ከስድስት ወር በላይ የቈየ፥ በመቆም የሚብስ፥ በመተኛት የሚሻል፥ ከባል ጋር ከተገናኙም በኋላ የሚነሣ የዳሌ ውስጥ ሕመም ሲሆን ሐኪም ሥሮቹን ይጠረጥራል። አንዳንዲቱም በጭኗ ወይም በኀፍረተ ሥጋዋ ላይ ያበጠ ሥር ይታያታል።

ይህ ሕመም ለብዙ ዘመን የሚያምነው አጥቶ ኖሯል። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ሆዋርድ ቴይለር በዳሌ ውስጥ ስለሚከማቸው ደም ሰፊ ጽሑፍ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ከምክንያቱ ከፊሉን በመንፈስ ጭንቀት ላይ ጥሎት ነበርና ብዙ ሐኪሞች ያን ክፍል ብቻ ይዘው ቀሩ። የሆድ ዕቃን በመሣሪያ የሚመለከቱ ሐኪሞችም ሥሮቹን ሳያዩ ያልፋሉ፤ ምርመራው የሚደረገው ሴቲቱ ተኝታ ሆድዋም በአየር ተነፍቶ ስለ ሆነ ያበጠው ሥር በዚያን ሰዓት ይሟሽሻል። በ1984 በሎንዶን የነበረው ሐኪም ቢርድ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሥሮቹ ውስጥ ቀለም አስገብቶ በራጅ አነሣቸው፤ ምንም በሽታ የለባችሁም ተብለው በተመለሱት በብዙዎቹ ሴቶች ላይም ሥሮቹ ሰፍተው ደሙም ቀስ እያለ ሲሄድ አገኘ። ያ ራጅ ለብዙ ሴቶች እንደ ምስክር ቃል ሆነላቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1993 ደግሞ ኤድዋርድስና ጓደኞቹ ሥሩን ያለ ቀዶ ጥገና በመድፈን ስለ ዳነች አንዲት ሴት ጻፉ። የእኅታችን ልጅ የታከመችበት ጥበብ ከዚያ የመጣ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በብሽሽት ወይም በአንገት በኩል ቦታው ብቻ ይደነዝዝና፥ ከስፓጌቲ የማይወፍር ቱቦ በደም መልሱ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ በራጅ መስኮት እየተመለከተ ቱቦውን እስከ ተበላሸው ሥር ያደርሰዋል። በዚያም ከፕላቲን የተሠራ እንደ ምንጭ የተጠቀለለ ሽቦ ያስቀምጣል፤ ብዙ ጊዜም ሥሩን የሚያኰማትር መድኀኒት በአረፋ መልክ ይጨምርበታል። ሥሩ ይዘጋል፥ ደሙም ጤነኛ በሆኑት በሌሎቹ ሥሮች በኩል ወደ ልብ ይመለሳል። አብዛኞቹ በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ጥቂት ቀንም፥ አንዳንዴም አንድ ሁለት ሳምንት፥ የቁርጠት ዐይነት ሕመም ይሰማቸዋል። አልፎ አልፎ ሽቦው ከተቀመጠበት ተነቅሎ ወደ ሳንባ የሄደበት ጊዜ አለ፤ ሥሩም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ያበጠባቸው አሉ። ፍጹም ሕክምና ነው ብለን አንባቢን አናታልልም።

የእኅታችን ልጅ አማት ያነሡት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ያን ማታ ስልኩን ተቀብለው አነጋግረውን ነበር። እኛም፥ «እትዬ፥ ሽቦው የተቀመጠው በማሕፀን ውስጥ አይደለም፤ ከማሕፀን ወደ ላይ በሚሄደው ሥር ውስጥ ነው» አልናቸው። እሳቸው ግን፥ «ይሁን፤ ታዲያ ደሙ የት ሄደ?» አሉን። እውነቱን ለመናገር ያን ማታ የምንመልሰው አልነበረንም። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበረና ሁለት ሳምንት ያህል አስጠናን።

የወር አበባ ከደም መልስ ሥር አይፈስም። በየወሩ የማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ ጽንስ ለመቀበል ይወፍራል፤ ጽንስ ሳይኖር ሲቀር ያ የወፈረው ሽፋን ከትንንሽ የደም ሥሮቹ ጋር ተልጦ ይወርዳል። ይህን የሚያዝዘው በራስ ቅል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢና ኦቫሪ እርስ በርሳቸው በሆርሞን የሚላላኩት መልእክት ነው። ትእዛዙ እስከ ወጣ ድረስ፥ ደም ቅዳውም ለኦቫሪና ለማሕፀን ደም እስካደረሰ ድረስ፥ ከመመለሻ መንገዶች አንዱ መዘጋቱ የወር አበባን አያስቀርም። ነገሩ እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የደም ሥሮችን ያላላልና፥ ሥሮቹ በወር አበባ ሰሞን የሚያሙት ስለዚሁ ነው፤ ሴት ስታርጥም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚበርደው ስለዚሁ ነው። የወር አበባ ሥሩን ያስጨንቃል እንጂ ሥሩ የወር አበባን የሚያስቀርበት ኀይል የለውም።

ይህም በግምት ብቻ የተባለ አይደለም። የእኅታችን ልጅ በምትኖርበት በሜሪላንድ፥ በባልቲሞር ከተማ፥ በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩ ሐኪሞች በ2002 ይህን ሕክምና ስላገኙ 56 ሴቶች ሲጽፉ፥ ሕመማቸውን ብቻ ሳይሆን የወር አበባቸውን ነገር ለይተው መረመሩ፤ ሕመሙ በእጅጉ ሲቀንስ በወር አበባቸው ላይ ጉልህ ጉዳት አላገኙም። በ2006 ደግሞ ስለ 127 ሴቶች የወጣው ጽሑፍ፥ ለረዥም ጊዜ ከተከታተሏቸው መካከል 83 ከመቶ ያህሉ እንደ ተሻላቸው፥ 13 ከመቶ ያህሉ እንደ ነበሩ እንደ ቀሩ፥ 4 ከመቶ ያህሉ እንደ ባሰባቸው ተናገረ፤ የሴት ሆርሞኖች መጠንም ከሕክምናው በፊትና በኋላ ተለክቶ የሚጠቀስ ለውጥ አልታየበትም። ሕክምናውን ካገኙ በኋላ አርግዘው የወለዱ ሴቶች መኖራቸውም ተመዝግቧል። ይህን የመጨረሻውን ቃል ለባልየው ስናነብለት በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ሲለቀቅ ሰማን።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ይገባናል፤ ምክንያቱም ወሬው ሲዛመት ሁለት ሕክምና ተደባልቆ እንደ ሆነ ደርሰንበታል። በማሕፀን ላይ ለሚወጣው ዕጢ፥ በተለምዶ ማዮማ ለሚባለው፥ ፈረንሳዊው ሐኪም ራቪናና ጓደኞቹ በ1995 ያስታወቁት ሌላ የመድፈን ሕክምና አለ። በዚያኛው የሚደፈነው ወደ ማሕፀን ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳ ነው እንጂ የሚመልሰው አይደለም። በዚያ ሕክምና በጥቂት ሴቶች ላይ፥ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት ባለፈ ላይ፥ የወር አበባ ፈጽሞ የቀረበት ጊዜ አለ። አማቲቱ ከአንዲት ጎረቤት የሰሙት ታሪክ የዚህ ነበረ። ጎረቤቲቱ አልዋሸችም፤ ነገር ግን የመሰከረችው በሌላ ጉዳይ ላይ ነው።

ታዲያ ደሙ የት ሄደ? የእኅታችን ልጅ ቀን የምትጽፈው ከአገር ቤት በተላከላት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። በስልክ «ደም ካየሁ ዛሬ 37 ቀኔ ነው» አለችን። እኛ ግን ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 8 ስንቈጥር 42 ሆነብን። ኋላ ነገሩ ገባን፤ ወሩን ሁሉ በ30 ቀን ስትቈጥር አምስቱን የጳጉሜን ቀኖች ረስታቸዋለች። የእኛ አቈጣጠር ወሮቹ እኩል ስለ ሆኑ ለሴቶች ሂሳብ እጅግ የተመቸ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ጳጉሜን ታሳስታለች። ብዙ ሴት በመስከረም ወር በከንቱ ሳትደነግጥ ወይም በከንቱ ሳትጽናና አትቀርም።

ከቀኑ ቀጥሎ ወረቀቱን አስላክን። ወረቀቱም ከሁለት ሐኪም ቤት የወጣ ሁለት መዝገብ ሆኖ ተገኘ። የደም ሥር ሐኪሙ መዝገብ ከሰኔ ይጀምራል። የሴቶች ሐኪሙ መዝገብ ግን ካለፈው ዓመት ኅዳር የሚጀምር ነው፤ በዚያም ሕመሙን ለማስታገሥ ሆርሞን ያለበት መርፌ ሦስት ጊዜ እንደ ተሰጣት ተጽፏል፤ ኅዳር 20፥ የካቲት 20፥ ግንቦት 20። ይህ መርፌ ሌላ አይደለም፤ በአገራችን ሴቶች ሁሉ ዘንድ የታወቀው የሦስት ወር መርፌ፥ ዴፖ የሚባለው ነው። በውስጡ ያለው መድኀኒት የዳሌ ሥሮችን ሕመም የሚያስታግሥ ስለ ሆነ አንዳንድ ሐኪሞች ለዚሁ ይሰጡታል፤ ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ይመለሳል።

ዴፖን የወሰደች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ መርፌው የወር አበባን ያዛባል፥ ያለ ቀኑ ደም ያሳያል ወይም ጨርሶ ያስቀራል፤ ከተቋረጠም በኋላ ልማዱ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። የግንቦት 20ው መርፌ የ13 ሳምንት ዕድሜው የሚያበቃው ነሐሴ 21 ቀን ነበር። እንግዲህ ነሐሴ 1 ቀን የመጣው ደም መርፌው ገና በገላዋ ሳለ የመጣ ያለ ቀኑ ደም ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረውም መርፌው ገና ስላልለቀቃት ነው። ሽቦው በመርፌው ሥራ ተከሰሰ። አንደኛው ሐኪም ቤት የሌላውን ወረቀት ቢያነብ ኖሮ አንዲት መስመር ቃል ይህን ሁሉ ጠብ ባስቀረች ነበር። እኛ በመዝገብ ሥራ ሃያ ዓመት ስንኖር ሁለት መዝገብ ሳይገናኝ ቀርቶ ርስት ሲጠፋ አይተናል፤ ትዳር ሊጠፋ ሲደርስ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ይህን ለሐኪሟ እንድትነግረው መከርናት። ሐኪሙም ግምታችንን ተቀበለው፤ ነገር ግን በእኛ ሂሳብ ብቻ አልረካም፤ መልካምም አደረገ። አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩን መረመረ፤ የወር አበባ ሲቀር ከሁሉ በፊት የሚመረመረው እርሱ ነውና። ቀጥሎ በአንገት ያለችውን ታይሮይድ የተባለችውን ዕጢ መረመረ፤ ምክንያቱም በራጅ ጊዜ በሥሩ የሚገባው ቀለም አዮዲን ስላለበት አንዳንዴ ይህችን ዕጢ ያውካታል፥ ዕጢዋም ስትታወክ የወር አበባ ይታወካል። ምን መድኀኒት እንደምትውጥም ጠየቀ። ደም የሚያቀጥን መድኀኒት የሚወስዱ ሴቶች ደማቸው ይበዛል፤ ለሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን የሚወስዱት ደግሞ ጥቂት ሊቀንስባቸው ይችላል። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ራሳቸው ወሩን ያዘገያሉ፤ በዚያ ቤት የነበረው ዝምታ ይህን ሳያደርግ የሚቀር አይመስለንም። ዕድሜዋ ወደ 45 ዓመት የተጠጋ ሴት ብትሆን ኖሮ የማረጥ መጀመሪያም ይታሰብ ነበር። ሁሉም ተመርምሮ ደኅና ሆነ።

ሐኪሙ የነገራትን እኛም ለሌሎች እናስተላልፍ። ለአካለ መጠን ለደረሰች ሴት ከአንዱ ወር አበባ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን ጤና ነው፤ ጥቂት ቀን ወዲያና ወዲህ ማለቱም እንግዳ ነገር አይደለም። የሚፈሰው ደም ብቻውን ቢለካ ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ሥሩ ከተደፈነ በኋላ የመጀመሪያው ወይም የሁለተኛው ወር አበባ ቢቀድም፥ ቢዘገይ፥ ቢበዛ ወይም ከወትሮው የበለጠ ቢያም በትዕግሥት መጠበቅ ይቻላል። ነገር ግን ደሙ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ፥ ራስ ካዞረ፥ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፥ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፥ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፥ ያን ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እንጂ ዘመድ መጠየቅ አይገባም። ከስምንት ቀን በላይ ለሚፈስ ደም፥ እርግዝና ሳይኖር ሦስት ወር ለቀረ የወር አበባም ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ያረጠች ሴት ደም ብታይ ግን ጥቂትም ቢሆን ዛሬ ነገ ሳይባል ትመርመር።

መስከረም 13 ቀን፥ በ47ኛው ቀን፥ የእኅታችን ልጅ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈችልን፤ «መጣ» የምትል። ቀጥሎ በ38ኛው ቀን ጥቅምት 21 ታየ፤ ከዚያም በ31ኛው ቀን ኅዳር 22። ከመርፌው በፊት በ28ና በ30 ቀን መካከል ነበርና ወደዚያው እየተመለሰ ይመስላል። ከዚህ ይልቅ እጅግ የሚዘገይባቸው ሴቶች እንዳሉም ሐኪሙ አስጠንቅቋት ነበር። ሕመሙ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ሥራ በዝቶ ቆማ በዋለችበት ቀን የግራ ጐኗ ዛሬም ይጐትታታል፤ «ከዐሥሩ ሰባቱ ሄዷል፥ ሦስቱ ከእኔ ጋር ነው» ብላናለች። ገበታው ወደ ቀድሞው እንደ ተመለሰ ባልየው ነግሮናል፤ እርስዋ ስለዚህ የተናገረችው የለም፥ እኛም አልጠየቅናትም።

አማቲቱ በጥቅምት መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በኅዳር መጨረሻ አንድ እሑድ ከቤታችን መጡ። ስለ ምራታቸው ጥፋታቸውን ያወራሉ ብለን ስንጠብቅ ቡናቸውን ሁለተኛውን ድረስ በዝምታ ጠጡ። ከዚያም ባለቤታችን ብቻዋን ትሰማ ዘንድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ሰባት ልጅ እንደ ወለዱ፥ ከሦስተኛው ልጅ ጀምሮ ከምድጃ ፊት ቆመው በዋሉ ቁጥር ያው የግራ ጐናቸው ይጐትታቸው እንደ ነበረ፥ ይህንንም በዕድሜያቸው ለማንም ነግረው እንደማያውቁ ተናገሩ። «እኔ የሴትነት ዕጣ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ስም አለው» አሉ። ሕመሙ ካረጡ ወዲህ ትቷቸዋል፤ የእግራቸው ሥር ግን ተቈጥቶ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ቀሚሳቸውን ጥቂት ከፍ አድርገው ለባለቤታችን አሳይዋት፤ እኛም ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዞርን።

ሲሄዱ ለሐኪም የሚሰጥ ወረቀት እንድንጽፍላቸው ለመኑን። የወለዱበትን ዘመን፥ ሕመሙ የጀመረበትን፥ የቆመበትን፥ እግራቸው ማበጥ የጀመረበትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፍንላቸው፤ ሦስት ጊዜም አስነበቡን። አንዱን ቀን እንድናርም አደረጉን፤ አምስተኛው ልጃቸው የተወለደው በነሐሴ ሳይሆን በጳጉሜን ነበር። ቀጠሯቸው ለታኅሣሥ 6 ቀን ተይዟል።